የጎሬ ውሻ፦ ስለ እንግሊዝ አገር ቴሪየሮች ሥራና አኗኗር

መግቢያ

ሰው ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ያለመደው ውሻን እንደ ሆነ የጥንት ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ይስማማሉ። ነገር ግን ውሻ በሰው ዘንድ ያለው ስፍራ በየአገሩ አንድ ዐይነት አይደለም። በአገራችን ገጠር ውሻ የደጅ ጠባቂና የእረኛ ባልንጀራ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሌባ ሲመጣ ይናከሳል፣ የሚያድረውም ከደጅ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌም ይህንኑ ዘብነቱን ያስታውሳል። በእንግሊዝ አገር ገጠር ግን ከዚህ የተለየ ሥራ የተሰጠው አንድ የውሻ ወገን አለ። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው ጕልበት አያልፍም፤ ሥራውም ከምድር ውስጥ ገብቶ አውሬውን በገዛ ጎሬው መግጠም ነው። ስሙ ቴሪየር ይባላል።

ስለዚህ ውሻ ለመጻፍ የተነሣሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የቴሪየር ታሪክ የአሳዳሪዎቹ ታሪክ መሆኑ ነው። ባላባቱ፣ ቄሱ፣ ገበሬው፣ ሸማኔውና የከሰል ቈፋሪው እያንዳንዳቸው ይህን ውሻ እንደ ኑሯቸውና እንደ ፍላጎታቸው ቀርጸውታል፤ ስለዚህ ውሻውን የመረመረ ሰው የአገሩን ማኅበራዊ ኑሮ ሳይወድ በግድ ይመረምራል። ሁለተኛው፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ የሚነሣ መሆኑ ነው፤ ይኸውም አንድ ፍጥረት ለአንድ ሥራ ተብሎ በብዙ መቶ ዓመት ከተቀረጸ በኋላ ሥራው ሲቀርበት ምን ይሆናል የሚል ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ለአንባቢ ሁለት ማስታወሻ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ደግሞም «ቀበሮ» ስንል በስሜንና በባሌ ተራራዎች የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ማለታችን አይደለም። እርሱ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ከተኵላ ወገን የሚቈጠር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ ቍጥሩም እጅግ ያነሰ በመሆኑ ጥበቃ የሚገባው እንስሳ ነው። የእንግሊዙ ቀበሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ጅራቱ ጠጕራም፣ ጥንቸልና አይጥ የሚያድን፣ ሲመቸውም ዶሮና የበግ ግልገል የሚነጥቅ፣ በምድር ውስጥ ጎሬ ምሶ የሚወልድ ነው።

፩. ስሙና የጥንት ምስክሮቹ

ቴሪየር የሚለው ስም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «ቴራ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ምድር ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ «የምድር ውሻ» እንደ ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሙ ከመልኩ ወይም ከተገኘበት አገር ሳይሆን ከሥራው መውጣቱ ነው። በጥንት ዘመን ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ጠጕሩ ሻካራም ይሁን ለስላሳ፣ ከጎሬ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቴሪየር ይባል ነበር።

ስለ እንግሊዝ ውሾች ራሱን የቻለ መጽሐፍ በመጻፍ የታወቁት፣ ነገሥታትን ያከሙትና በካምብሪጅ ኮሌጅ በስማቸው የሚጠራላቸው ዶክቶር ጆን ኪስ ናቸው። እርሳቸው ስዊሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ስለ ጠየቋቸው በላቲን ቋንቋ የጻፉት ጽሑፍ በ1570 ታትሟል፤ በ1576 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሟል። በዚህ ጽሑፍ ቴሪየር ቀበሮንና ባጀርን ለማደን ከምድር ጕድጓድ የሚሾልክ፣ አውሬውንም ከዚያው የሚቦጫጭቅ ወይም እየጐተተ የሚያወጣ ወይም አስደንግጦ የሚያስወጣ ውሻ ሆኖ ተገልጿል። ባጀር የተባለው ፊቱ በነጭና በጥቁር መስመር የተከፈለ፣ እግሩ አጭር፣ ጥፍሩ ረጅም፣ በሌሊት የሚወጣ የጎሬ አውሬ ነው።

ይህ ውሻ ለገጠሩ ሕዝብ ያስፈለገው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1566 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በወጣው ሕግ፣ እህልና ከብት የሚያጠፉትን አውሬዎች ገድሎ ጭንቅላታቸውን ላመጣ ሰው የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ገበዞች ዋጋ እንዲከፍሉ ታዝዞ ነበር። ለአንድ ቀበሮ ወይም ለአንድ ባጀር የተቈረጠው ዋጋ 12 ፔንስ ነበር። ይህም ለድኻ ሰው የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። እንግዲህ ጎሬ የሚገባ ውሻ ያለው ገበሬ ከብቱን ከመጠበቁም በላይ ከውሻው ገቢ ያገኝ ነበር ማለት ነው።

በ1790 ቶማስ ቢዊክ የተባሉት የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊ ስለ አራት እግር እንስሳት ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ዐይነት ቴሪየር ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው እግሩ አጭር፣ ጀርባው ረጅም፣ ጠጕሩ ሻካራ፣ ኀይሉም ብርቱ ነው፤ ሁለተኛው ጠጕሩ ለስላሳ፣ አካሉ አጠር ያለና መልኩ ያማረ ነው። ዛሬ በስም ተለይተው የሚታወቁት ብዙ የቴሪየር ዝርያዎች ከእነዚህ ከሁለቱ አኳኋኖች የወጡ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

፪. ቀበሮ፣ ጎሬና አካፋ

በእንግሊዝ አገር ደኑ እየተመነጠረ፣ ሜዳውም በአጥር እየተከፋፈለ ሲሄድ መኳንንቱ የሚያድኑት ዋላ እያነሰ ሄደ። ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀደም ሲል እንደ ተባይ ይቈጠር የነበረው ቀበሮ የክብር አደን ሆነ። በሌስተርሽየር ከ1753 እስከ 1800 የኳርንን አዳኞች የመሩት ሁጎ ሜይኔል ለሩጫ ፈጣን የሆኑ ውሾችን በማዳቀል ስም አትርፈዋል። በፈረስ የተቀመጠ መኰንን ብዙ ውሾች አስከትሎ ቀበሮውን በሜዳ ያሳድዳል፤ ቀበሮው ግን ሲጨነቅ ከጎሬ ይገባል። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ በሌሊት፣ ቀበሮው ለምግብ ፍለጋ በወጣበት ሰዓት፣ የጎሬውን አፍ የሚደፍን ሰው ይቀጠር ነበር። ይህም ሆኖ ቀበሮው ከአንድ ጕድጓድ ሾልኮ የገባ እንደ ሆነ ትልልቆቹ ውሾች ከበር ቆመው ከመጮኽ በቀር ምንም ሊያደርጉ አይችሉም። ቴሪየር የሚጠራው በዚህ ጊዜ ነው።

የውሻው ሥራ ሦስት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው፣ ወደ ጎሬው ገብቶ ቀበሮው በሌላ በር ወጥቶ እንዲሸሽ ማስገደድ ነው። ሁለተኛው፣ ቀበሮው አልወጣም ካለ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳያቋርጥ መጮኽ ነው። ሦስተኛው፣ ሰዎች በጩኸቱ እየተመሩ ከላይ በአካፋና በዶማ ቈፍረው እስኪደርሱ ድረስ ቀበሮው ስፍራውን እንዳይለቅ ማገድ ነው። በዚህ ምክንያት ለጎሬ ሥራ የሚፈለገው ውሻ ድምፅ ያለው ነው። በዝምታ የሚጣላ ውሻ ምንም ያህል ደፋር ቢሆን የት እንዳለ ስለማይታወቅ እርሱም ይጐዳል፣ ቈፋሪዎቹም ይደክማሉ።

የአካሉም መጠን በዚሁ ሥራ የተወሰነ ነው። የቴሪየር ሰዎች ውሻን ሲመርጡ ከትከሻው ኋላ ደረቱን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ፤ የግራና የቀኝ እጅ ጣቶች ከታችና ከላይ ከተገናኙ ደረቱ ጠባብ ነው፣ ከጎሬውም ይገባል ይላሉ። ይህም ልክ በዙሪያው 14 ኢንች ወይም 35 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ደረተ ሰፊ ውሻ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያስፈራ ከጎሬው አፍ ይቀራል፤ ወይም፣ ከዚህ የሚብሰው፣ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል። ጠጕሩም ውሃና ብርድ የሚከላከል ሻካራ እንዲሆን፣ እግሩም ለመቈፈር የጠነከረ እንዲሆን ይፈለጋል።

ይህ ሥራ ለውሻውም ለሰውም አደጋ ያለበት ነበረ። አፈር ይናዳል፤ አየር ያጥራል፤ በተራራ አገር በድንጋይ ስንጥቅ መካከል የተቀረቀረ ውሻን ለማውጣት ሰዎች ቀንና ሌሊት የቈፈሩበት ጊዜ አለ። ብዙ የሠሩ ቴሪየሮች አፍንጫቸውና ከንፈራቸው በጠባሳ የተሞላ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በውሻው አንገት የሚታሰር የራዲዮ ምልክት የሚልክ መሣሪያ በመገኘቱ፣ ከላይ ያለው ሰው ውሻው ከየትኛው ስፍራና ከምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ለማወቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የነበረው መሣሪያ ጆሮን ከምድር ላይ አስተኝቶ ማዳመጥ ብቻ ነበር።

የአገሩም አቀማመጥ ውሻውን ለዋውጦታል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አገር አደኑ ይደረግ የነበረው በፈረስ ሳይሆን በእግር ነው። በዚያ የሚኖሩት በግ አርቢዎች ሲሆኑ፣ በመውለጃ ወራት ቀበሮ ግልገል የነጠቀባቸው ገበሬ የአዳኞቹን አለቃ ያስጠራ ነበር። የዚህ አገር ቴሪየር በድንጋይ ላይ ለመውጣት እግሩ ረዘም ያለ፣ በስንጥቅ ለመሹለክ ደረቱ የጠበበ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ላይ ያለው ቦርደር ቴሪየር ደግሞ የፈረስን እርምጃ እየተከተለ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝ፣ ከዚያም ከጎሬ የሚገባ እንዲሆን ተደርጎ የተራባ ነው። ራሱ ኦተር የተባለውን ዓሣ በል የውሃ አውሬ መምሰል እንዳለበት በዝርያው ደንብ ተጽፏል።

፫. ቄስ ጆን ራስልና ትራምፕ

ስለ ቴሪየር የሚጻፍ ታሪክ የቄስ ጆን ራስልን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ቄስ ራስል በ1795 በዴቮን አውራጃ በዳርትመዝ ከተማ ተወለዱ። በኦክስፎርድ በኤክሰተር ኮሌጅ ሲማሩ በ1819 በግንቦት ወር ወደ ማርስተን መንደር በእግር ሲሄዱ አንድ ወተት ሻጭ አገኙ፤ ሰውየውም አንዲት ቴሪየር ነበረችው። ተማሪው ውሻዪቱን ባዩ ጊዜ ከዚያ ስፍራ ሳይነቃነቁ ገዝተው ይዘዋት እንደ ሄዱ ይተረካል። ስሟ ትራምፕ ነበረ። ነጭ ሆና፣ በሁለቱ ዐይኖቿና ጆሮዎቿ ላይ ቡናማ ምልክት፣ በጅራቷም ሥር የአንድ ፔኒ ያህል ነጠብጣብ ነበራት። ሥዕሏ በንጉሣዊው ቤተ ሰብ እጅ ገብቶ በሳንድሪንግሃም ተቀምጧል።

ቄስ ራስል በስዊምብሪጅ መንደር ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1883 ዐረፉ። ለአደን ያላቸው ፍቅር ከክህነት ሥራቸው ጋር የማይስማማ መስሎ የታያቸው ሰዎች ነበሩ፤ የኤክሰተሩ ጳጳስ ሄንሪ ፊልፖትስም በዚህ ነገር ነቅፈዋቸው እንደ ነበር ይነገራል። ሆኖም የዚያ ዘመን የገጠር ቄስ ብዙውን ጊዜ የባላባት ልጅ ወይም ወዳጅ ስለ ነበረ፣ በሳምንቱ ቀናት በፈረስ ማደኑ ለምእመናኑ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ስለ ውሻ አያያዛቸው ሁለት ነገር ሊታወስ ይገባል። አንደኛ፣ ነጭ ጠጕር ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም ከጎሬ በጭቃ ተለውሶ የሚወጣ ቡናማ ውሻ ከሩቅ ሲታይ ቀበሮ ስለሚመስል ትልልቆቹ ውሾች ተሳስተው እንዳይዙት ነው። ሁለተኛ፣ የሚፈልጉት ቀበሮውን የሚገድል ሳይሆን የሚያስወጣ ውሻ ነበር፤ ቀበሮው ከጎሬው ከሞተ የቀኑ አደን ያበቃልና። እንግዲህ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ውሻ መጀመሪያ የተመረጠው ስለ ጭካኔው ሳይሆን ድፍረቱና ቍጥብነቱ ስለ ተመዛዘኑ ነው። ይህን ልዩነት ኋላ ላይ ብዙዎች ዘንግተውታል።

፬. አውድማ፣ ፋብሪካና የአይጥ ሜዳ

የቀበሮ አደን የባለጸጋ ሥራ ቢሆንም ቴሪየር የባለጸጋ ውሻ ብቻ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቡናማው አይጥ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ገብቶ በጎተራው፣ በጋጣውና በከተማው የቈሻሻ ቦይ ሁሉ ተስፋፋ። ገበሬው ክምሩን ለውቂያ በሚያፈርስበት ቀን ከነዶው ሥር የተከማቹት አይጦች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። በዚያን ቀን የጎረቤት ቴሪየሮች ሁሉ ተጠርተው በአውድማው ዙሪያ ይቆሙ ነበር። ቴሪየር አይጥን አንገቱን ይዞ አንድ ጊዜ አራግፎ ይጥላል፤ ሳይበላው ወደሚቀጥለው ይዘላል። የአገራችን ገበሬ ነዶው ሲነሣ አይጥ ወዴት እንደሚሮጥ ስለሚያውቅ ይህን ሥዕል በዐይነ ኅሊናው ለማየት አይቸገርም።

ኢንዱስትሪ በተስፋፋ ጊዜ ወደ ከተማ የፈለሰው ሠራተኛ ውሻውን ይዞ ሄደ። በኖርዘምበርላንድ የከሰል ቈፋሪዎች ዘንድ የተራባው ቤድሊንግተን ቴሪየር መልኩ ጠቦት ቢመስልም አይጥ የሚገድል፣ ጥንቸልም የሚያሳድድ ነበር፤ ጥንቸሉ ግን ብዙውን ጊዜ የባለርስቱ ስለ ነበረ አደኑ የስርቆት አደን ነበር። በዮርክሽየር የሱፍ ፋብሪካዎች የሠሩት ከስኮትላንድ የመጡ ሸማኔዎች ያመጧቸው ትንንሽ ውሾች ዛሬ ዮርክሽየር ቴሪየር ለሚባለው አባቶች ናቸው። በዚያው አውራጃ በኤር ወንዝ ሸለቆ የተገኘው ኤርዴል ከቴሪየሮች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ ከጎሬ የማይገባ፣ በወንዝ ዳር ኦተርንና አይጥን ያድን የነበረ ነው።

ከዚህም ጋር ለመናገር የሚያሳፍር ምዕራፍ አለ። በለንደን በመጠጥ ቤቶች ውስጥ በእንጨት የታጠረ ሜዳ ተሠርቶ፣ ብዙ አይጦች ከተለቀቁበት በኋላ ውሻ ይገባበታል፤ ተመልካቾችም በስንት ደቂቃ እንደሚጨርሳቸው በገንዘብ ይወራረዳሉ። በ1823 ቢሊ የተባለ ውሻ በዌስትሚንስተር 100 አይጦችን በ5 ደቂቃ ተኩል እንደ ጨረሰ ተመዝግቧል። በ1835 በወጣው ሕግ በሬንና ድብን በውሻ ማስነከስ፣ ውሻንም ከውሻ ማዋጋት ሲከለከል፣ የአይጡ ጨዋታ ግን ከሕጉ አምልጦ እንዲያውም ገበያው ደራ። ሄንሪ ሜይሂው የተባሉት ጸሓፊ በ1851 ስለ ለንደን ድኾች ባሳተሙት ሥራ እነዚህን ስፍራዎች ገልጸዋል። የንግሥት ቪክቶሪያ አይጥ አጥማጅ ነኝ ይል ስለ ነበረው ስለ ጃክ ብላክም ጽፈዋል፤ እርሱም ከማዕድን የተሠሩ የአይጥ ምስሎች የተደረደሩበት መታጠቂያ ታጥቆ በአደባባይ ይታይ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ቴሪየር በባላባቱ ሜዳ ክብር ሲሰጠው በከተማው ሰፈር ደግሞ ለድኻው መተዳደሪያም መቈመሪያም እንደ ነበረ ነው።

፭. ከሥራ ወደ መልክ

በ1859 በኒውካስል ከተማ በታሪክ የመጀመሪያው የሚባለው የውሻ ትርኢት ተደረገ። በ1873 ኬነል ክለብ የተባለው ማኅበር ተቋቁሞ የውሾችን የትውልድ መዝገብ ማዘጋጀት ጀመረ። ቄስ ራስልም ከአባሎቹ አንዱ ሆነው በ1874 በክሪስታል ፓላስ በተደረገው ትርኢት ፎክስ ቴሪየሮችን ዳኝተዋል፤ የራሳቸውን የአደን ውሾች ግን ለትርኢት አላቀረቡም። በ1876 የፎክስ ቴሪየር ማኅበር ተመሥርቶ የዝርያው መልክ ምን መምሰል እንዳለበት ደንብ ተጻፈ።

ይህ ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በውሻው ታሪክ ታላቅ መለያያ ነው። እስከዚያ ድረስ «ጥሩ ቴሪየር የትኛው ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጎሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መልሱን የሚሰጠው ዳኛው ሆነ። ዳኛው ጭንቅላቱ ረጅም፣ ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ደረቱ ጥልቅ ውሻ ሲሸልም አርቢው ያንኑ ያረባል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም በመዝገብ ቴሪየር የተባለው ውሻ ከቀበሮ ጎሬ የማይገባ ሆኖ ይገኛል። አዳኞቹም ከትርኢቱ እየራቁ በየገጠሩ ያለ መዝገብ የየራሳቸውን ውሾች ማርባታቸውን ቀጠሉ። «ጃክ ራስል» የሚለው ስም በሕዝብ አፍ የተስፋፋው ለእነዚህ ላልተመዘገቡት የሥራ ውሾች ነው።

ክርክሩ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በ1974 በታላቋ ብሪታንያ የጃክ ራስል ቴሪየር ማኅበር ሲቋቋም ዋና ዓላማው ውሻውን ለሥራ እንደ ተፈጠረ ማቈየት ነበር፤ ስለዚህም ዝርያው በኬነል ክለብ መዝገብ እንዳይገባ ተቃወመ። በ1976 በአሜሪካ የተቋቋመውም ማኅበር ቡችላን በወላጆቹ ስም ብቻ አይመዘግብም፤ ውሻው አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ሐኪም መርምሮት፣ በራሱ አካል ብቁ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ይቀበለዋል። ቢሆንም ኬነል ክለብ በ1990 እግረ ረጅሙን በቄሱ ስም፣ በ2016 ደግሞ እግረ አጭሩን ጃክ ራስል ብሎ ተቀብሏል።

፮. ከጎሬ ወደ እልፍኝ

ቴሪየር ከሥራ ውሻነት ወደ ቤት ውሻነት የተሻገረው በአንድ ቀን አይደለም። በገጠር ቀን ከጎሬ የገባው ውሻ ማታ ከምድጃው ፊት ከልጆች ጋር ይተኛ ነበር፤ ሁለቱ አኗኗር በአንድ ውሻ ላይ ይገናኙ ነበር። ሰር ዋልተር ስኮት በ1815 ባሳተሙት «ጋይ ማነሪንግ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ዳንዲ ዲንሞንት የተባለ ገበሬ አለ፤ ቴሪየሮቹን ሁሉ «ሰናፍጭ» እና «በርበሬ» እያለ የሚጠራ ነው። አንባቢዎች ሰውየውን እጅግ ስለ ወደዱት የእርሱን ዐይነት ውሾች በስሙ ጠሯቸው፤ ዛሬም ዝርያው ዳንዲ ዲንሞንት ይባላል። የሌለ ሰው ለእውነተኛ ውሻ ስም መስጠቱ ይህ ገበሬና ውሻው በሕዝቡ ልብ ምን ያህል እንደ ተጣመሩ ያሳያል።

በ1910 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሲቀበሩ ቄሳር የተባለው ፎክስ ቴሪየራቸው ከብዙ ነገሥታት ቀድሞ ከአስከሬኑ ኋላ ተጕዟል። በግራሞፎን ሸክላ ላይ ጆሮውን አዘንብሎ የጌታውን ድምፅ ሲያዳምጥ የሚታየውም ኒፐር የተባለው ውሻ ከቴሪየር የተደባለቀ ነበር፤ በብሪስቶል ተገኝቶ በ1895 የሞተ ሲሆን ስሙም የእንግዶችን እግር መንከስ ይወድ ስለ ነበር የወጣለት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኤርዴሎች በጦር ግንባር መልእክት ሲያመላልሱ፣ ትንንሾቹ ቴሪየሮች ደግሞ በምሽጉ ውስጥ አይጥ ሲያጠፉ ነበር።

በኋላ ዘመን ቴሌቪዥንና ሲኒማ የጃክ ራስልን ስም በዓለም አስተጋቡ። ከ1993 እስከ 2004 በታየው «ፍሬዠር» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተውኔት፣ በ2011ም በወጣው «ዘ አርቲስት» በተባለው ፊልም የተጫወቱት ውሾች ከዚሁ ወገን ነበሩ። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ውሻውን በመልኩና በብልኅነቱ ወድደው ገዙት። ነገር ግን በፊልም የታየው የአሠልጣኝ ድካም ፍሬ ነበረ። ከፎቅ ቤት የገባው ቴሪየር ምንጣፉን ይምሳል፣ የጎረቤትን ድመት ያሳድዳል፣ ደወል በተደወለ ቍጥር ይጮኻል፣ ከግቢው አጥር ሥር ቈፍሮ ይወጣል። ባለቤቱ ይህን ጥፋት ይለዋል። ለውሻው ግን ጥፋት አይደለም፤ አያቶቹ የተመረጡበት ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ መያዝ ያልቻሉ ሰዎች ለመጠለያ መስጠታቸው የተለመደ ነገር ሆኗል።

ፋሽን ያነሣውን ፋሽን ይጥለዋል። በዌልስ አገር ካፒቴን ጆን ኤድዋርድስ በ19ኛው መቶ ዓመት ለባጀርና ለኦተር አደን ያራቧቸው ነጫጭ እግረ አጭር ውሾች፣ ሲሊያም የተባሉት፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በሲኒማ ተዋናዮች ዘንድ እንኳ የተወደዱ ነበሩ። በ2008 ግን በብሪታንያ የተመዘገቡት ቡችሎች 43 ብቻ ነበሩ። ኬነል ክለብ በዓመት ከ300 በታች የሚመዘገቡትን የአገሩን ዝርያዎች ሊጠፉ በሚችሉት ተራ ይቈጥራቸዋል፤ ሲሊያምና ዳንዲ ዲንሞንት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሥራው ቀረ፤ መልኩም ከዘመኑ ምርጫ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ውሻውን የሚፈልግ ጠፋ።

፯. የሕግ ክርክር

ለውሻው የሚታዘነውን ያህል ከጎሬው ውስጥ ላለው አውሬም መታሰብ አለበት። ባጀርን በውሻ እያስያዙ መቈፈር በ1973 በወጣው ሕግ መገደብ ተጀምሮ፣ በ1992ቱ ሕግ ባጀሩም ጎሬውም እንዲጠበቁ ተደርጓል። ቀበሮን በሚመለከት መንግሥት ጌታ በርንስ የሚመሩት መርማሪ ጉባኤ አቁሞ በ2000 ዘገባው ቀረበ። ጉባኤው ቀበሮን በቴሪየር አግዶ ቈፍሮ ማውጣት ብዙ ጊዜ የሚወስድና ለአውሬው ማምለጫ የማይሰጥ ስለ ሆነ ከባድ ሥቃይ ያለበት መሆኑን አመልክቷል፤ ሆኖም በአንዳንድ ተራራማ አገር ገበሬዎች ሌላ መንገድ ለማግኘት እንደሚቸገሩም አልሸሸገም።

ስኮትላንድ በ2002 ሕግ አወጣች፤ በ2023ም ይበልጥ ጥብቅ በሆነ ሕግ ተካችው። በእንግሊዝና በዌልስ የ2004ቱ የአደን ሕግ ከየካቲት 2005 ጀምሮ ጸና። በዚህ ሕግ ቴሪየርን ከጎሬ ማስገባት የሚፈቀደው ለጥይት አደን የሚጠበቁትን ወፎች ከጕዳት ለማዳን ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ ውሻ ብቻ፣ የባለመሬቱ ፈቃድ በጽሑፍ ተይዞ፣ የወጣውም አውሬ ሳይዘገይ በጥይት እንዲመታ ተደርጎ ነው። አይጥንና ጥንቸልን በውሻ ማደን ግን አልተከለከለም።

ሕጉን የደገፉት ሰዎች ሥቃይን ለጨዋታ ማድረግ ከሥልጡን ሕዝብ የማይጠበቅ ነው አሉ። የተቃወሙት ደግሞ ሕጉ የከተማ ሰው በገጠር ኑሮ ላይ የፈረደው ፍርድ ነው አሉ። በሁለቱም ወገን እውነት አለ ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ አንድ ነገር ሊክድ አይችልም፤ ይኸውም 400 ዓመት ያህል በጽሑፍ የተመሰከረለት የሰውና የውሻ ሥራ በአብዛኛው ወደ ፍጻሜው መድረሱን ነው።

መደምደሚያ

በመግቢያው ላነሣነው ጥያቄ ታሪኩ ራሱ መልስ ይሰጣል። ሥራው የቀረበት ቴሪየር በሦስት መንገድ ሄዷል። አንዳንዱ ለመልኩ ብቻ ተራብቶ ከጥንት ወገኑ ተለየ፤ መልኩ ሲጠላም ቍጥሩ መነመነ። አንዳንዱ በልቡ አዳኝ እንደ ሆነ ከከተማ ቤት ገባ፤ ዕድሉም የተመሠረተው ጌታው የውሻውን ታሪክ በማወቁ ወይም ባለማወቁ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ጥንታዊውና ወደ ትሑቱ ሥራው ተመለሰ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ጋጣዎች፣ በኒው ዮርክም ከተማ የኋላ መንገዶች ሳይቀር አይጥ ለማጥፋት ቴሪየር ይዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ።

ይህን ሁሉ ስንመለከት ዶክቶር ኪስ በ1570 ያደረጉት ነገር ሊያስቀናን ይገባል። እርሳቸው ሌላ አገር ያለ ሊቅ ስለ ጠየቃቸው የአገራቸውን ውሾች በየሥራቸው ለይተው ጻፉ፤ ለዚህም ጥናት መነሻ የሆነን ያ ጽሑፍ ነው። በእኛም አገር እረኛው ውሻውን በምን ስም እንደሚጠራው፣ ቡችላውን በምን ምልክት እንደሚመርጠው፣ በሬው ከሚያድርበት በረት አጠገብ እንዴት እንደሚያለምደው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ይህን ከአፋቸው ተቀብሎ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል።